ካልሲን ማን ሱቅ አስገባው?

ግንቦት 8

እትዬ፣

በጓሮ በር ሹልክ ብዬ በመውጣቴ አትቆጪኝ። በፊት ለፊቱ ብወጣ ካልሲ ያየኛል፤ ካየኝ ያለቅሳል፤ እሱ ካለቀሰ እኔ አውቶቡሱን ትቼ እቀራለሁ፤ እኔ ከቀረሁ ደግሞ አንቺ "ድሮስ ከአንቺ ምን ቁም ነገር ይጠበቃል" ትያለሽ። ስለዚህ ሻንጣዬን እንዳይንኳኳ አቅፌ እንደ ሌባ ወጣሁ። አንቺን እንኳ ሳልስም። ይቅርታ።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ለምን እንደሆነ አይጠፋሽም። እኔና አንቺ በስልክ ተነጋግረን ሳንጣላ የዘጋንበት ቀን የለም። ወረቀት ላይ ቢያንስ ፖስታ ቤት እስክትደርሺ ቁጣሽ ይበርዳል።

ደህና ደርሻለሁ። መነጽር ቤቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ የመነጽር መስተዋት ስሞርድ ስለምውል ዓይኔን ስጨፍን እንኳ የሚታየኝ ክብ ነገር ብቻ ሆኗል። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ታያለች። አከራይዋ ገና ዕቃዬን ሳላወርድ "ውሻ የለሽም አይደል?" አለችኝ። "የለኝም" አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው!

አሁን ስለ እሱ። ጠዋት ሳይንሸራሸር አትመግቢው። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ፊቱን ያዞራል እንጂ አይጮህም፤ ስለዚህ ሄደሽ እይው። ነጫጭ እግሮቹ ጭቃ ሲነካቸው ያፍራል፤ አትሳቂበት። ቀን ቀን ሱቁ ደጃፍ ከሸራው ጥላ ሥር፣ ከውሃ ቧንቧው ጋር እሰሪው። ገመዱ ግን መግቢያው ላይ እንዳይዘረጋ፤ ሰው ይጠልፋል። ሕግሽን አውቃለሁ፦ እህል ያለበት ቤት ውሻ ከደፍ አያልፍም። ዕቃ ልደረድርልሽ ስገባ እሱ ደጅ ቆሞ በመስተዋቱ ያየኝ ነበር። አፍንጫው ያተመበትን ቦታ ማታ ማታ እያጉረመረምሽ ትወለውይው ነበር። እኔ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ እግሩን አላስገባሽውም፤ አሁንም አስገቢው አልልሽም።

አንድ ነገር ብቻ በእውነት ንገሪኝ። ፈለገኝ ወይ? እንዳይከፋኝ ብለሽ አትሸፋፍኚ። ባይፈልገኝ ነው የሚከፋኝ።

ሚጢ

ግንቦት 21

ሚጢ፣

ሳልስመው የቀረውን ጉንጭሽን በወረቀት ስሜዋለሁ። ሳትሰናበቺኝ ለመሄድሽ ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። የጓሮውን በር መቀርቀሪያ ሳትመልሺ ለመሄድሽ ግን አልተቀበልኩም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይቀየማል። ውሻሽ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። ፈለገኝ ወይ ላልሽው፣ ውሻ ነው፤ አሸተተ፣ ዞረ፣ ተኛ። ከዚህ በላይ ምን እንድልሽ ትፈልጊያለሽ?

በፖስታ የላክሽው ሻርፕ ደርሷል። የተያያዘው ብጣሽ ወረቀት "ለካልሲ" ይላል። አውቶቡስ አውቶቡስ፣ ላብ ላብ ይሸት ስለነበር በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ተኩሼ አነጠፍኩለት። እኔ ቤት ውሻም ቢሆን ቆሻሻ ላይ አይተኛም።

ሱቁ ደህና ነው። የትናንቱን ልንገርሽ። ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህርት ያቺን ጡጫ የምታክል ውሻቸውን ዘንቢል ውስጥ ከተው መጡና ዳቦውን እላይዋ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው። "ወይ ዳቦውን ወይ ውሻዋን ይምረጡ" አልኳቸው። "እሷ እኮ ከሰው ትጸዳለች" አሉኝ። "ይሁን፤ ሰውም ቢሆን ዳቦ ላይ አይቀመጥም" አልኳቸው። ተቀይመው ወጡ። ነገ ይመጣሉ፤ ሌላው ሱቅ ዳገት ነው።

ዓይንሽን ጠብቂ። ስትሞርጂ የሚከላከለውን መነጽር አድርጊ እንጂ "ፀጉሬን ያበላሽብኛል" አትበዪ።

እትዬሽ

ሰኔ 3

እትዬ፣

ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ እስከዚያ ካስቻለኝ።

ሻርፑን አጠብሽው? ተኮስሽው ደግሞ? ሳምንት ሙሉ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ በሙቀት ታፍኜ የተኛሁት ለምን ይመስልሻል? ጠረኔን እኮ ነው የላክሁለት! ማንበብ ለማይችል ፍጡር ሌላ ምን ይጻፍለታል? አንቺ ደብዳቤዬን በሳሙና አጥበሽ ባዶ ወረቀት ሰጠሽው። ይሁን፣ ሳታውቂ ነው እንበል። ሳታውቂ ነው አይደል?

አንጀቴን ያሳረረው ግን ሌላው ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ካፖርቴን ጠግኖ ሲልክልኝ ኪሱ ውስጥ ሰላምታ ጽፎ ከቶልኛል። "ካልሲ አምሮበታል፤ ከሚዛኑ አጠገብ ተንጋሎ ሳየው ሱቁን የገዛው ይመስለኛል" ይላል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ነገሩ ገባኝና ካፖርቱን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚዛኑ እኮ ውስጥ ነው! ሚዛኑ ጋ ለመድረስ ደፉን ማለፍ፣ የዳቦውን መደርደሪያ ማለፍ፣ የሩዙን ጆንያ ማለፍ አለበት።

የበረዶውን ቀን ታስታውሺያለሽ? በረዶ እንደ ባቄላ ሲወርድ "እስኪያባራ ብቻ" ብዬ ለመንኩሽ። "እህል ቤት ነው" አልሽኝ። እኔና እሱ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው በረንዳ ሥር ተጣብቀን ቆመን፣ አንቺ በመስተዋቱ ውስጥ ምስር ትለቅሚ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽን። አይተሽን መልሰሽ አጎነበስሽ። ታዲያ እኔ ስሄድ እህሉ አብሮኝ ሄደ? ወይስ ቤቱ እህል ቤት የሚሆነው እኔ ውሻዬን ይዤ ስመጣ ብቻ ነው?

ደብቄ ምን ሊፈይድልኝ፤ ቀንቻለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል። አንድ ሰውዬ መነጽር ሲለካ እሱ መስተዋት ይመርጣል፣ እኔ ካልሲ አንቺ ጫማ ሥር ሲጠቀለል አያለሁ። እኔ ለምኜ ያጣሁትን እሱ ሳይለምን አገኘ፤ እሱ ላይም ቀናሁ። እኔ አራት ዓመት ያሳደግሁትን አንቺ ቁጭ ብለሽ አገኘሽ፤ አንቺ ላይም ቀናሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሺልኝ። ማታ ስትቀመጪ አገጩን እግርሽ ላይ ያሳርፋል? እሱን እንዳትፈቅጂለት። ሌላው ሌላው ይሁን፣ አገጩ የእኔ ነው።

እንደምን ሰንብተሻል። ይኸው ሰላምታው።

ሚጢ

ሰኔ 18

ሚጢ፣

ካፖርትሽ በደህና በመድረሱ ደስ ብሎኛል። ልብስ ሰፊው ከመርፌው ምላሱ እንደሚሾል ረስቼ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስኳር ሲገዛ ነግሬዋለሁ። ደግሞም ከሚዛኑ አጠገብ አይደለም፤ ከበሩ በስተግራ ሳሙናና መጥረጊያ ያለበት ጥግ ነው። ለልብስ ሰፊው አንድ መነጽር ላኪለት።

ለምን ገባ ላልሽው፣ ዝናብ ነበር። በቃ፣ ዝናብ ነበር።

አንዴ ከገባ ደግሞ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ፊት ሰጠሽው እንዳትይኝ፤ እኔ ፊት የሰጠሁት ፍጡር የለም፣ አንቺም ምስክር ነሽ። ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ውሃውን ያራግፋል፣ እግሩ በጨርቅ ይጠረጋል። ገመዱ አጭር ነው። አፍንጫውን ወደ ጆንያ አይሰድም። እሱን የዳበሰ እጅ ዳቦ አይነካም፤ እኔም ብሆን እጄን ሳልታጠብ አይብ አልቆርጥም። ልዳብሰው የሚል ሰው ይጠይቀኛል፤ ልጁን "ሂድ ንካው" ብሎ የሚገፈትር አባት ደግሞ ራሱ ይገፈተራል። የአውቶቡሱ ሹፌር ሚስት ውሻ አጥብቃ ትፈራለች፤ ድምጿን ከሩቅ ስሰማ ካልሲን ወደ ጓዳ አስገባዋለሁ፣ ገዝታ እስክትወጣ እዚያው ይቆያል። ሱቅ ውስጥ የሚፈራ ሰው ይቀድማል። ውሻው ነገም አለ፣ እሷ ግን ከደነገጠች አትመለስም።

ሁለት ውሻ ባንድ ላይ አይገባም። ይህን ያወጣሁት የመካኒኩ ውሻ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ እግሩን ካነሳ በኋላ ነው። መካኒኩ "ኧረ ልማዱ ነው፣ ክፋት የለበትም" ብሎ ሊስቅ ፈለገ። "የእኔም ልማድ አለኝ" ብዬ ሽንኩርቱን ከነጆንያው ሸጥኩለት።

ከሁሉም በላይ፣ ካልሲ እኔ ቃል ሳልሰጠው ከምንጣፉ አይነሳም። ሥጋ ቢያሳዩት አይነሳም፤ ድመት ብታልፍ አይነሳም። የሙዚቃ መምህርቷ ቆመው አይተውት "በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የተቀጣ ተማሪ አልነበረኝም" አሉ። ውሻቸውን አሁን ክንዳቸው ላይ ይይዛሉ፤ ዳቦው ለብቻው ነው።

አገጩን ላልሽው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ይበርዳል። አገጩን የትም ያሳርፍ፤ እኔ ሥራ ይዤ እግሬን ስጠብቅ አልውልም።

በረዶውን አስታውሳለሁ። የምለቅመው ምስር አልነበረም፣ ሩዝ ነበር።

እትዬሽ

ሐምሌ 6

እትዬ፣

"ካልሲያችን" ብለሽ ጻፍሽ።

ስለ ሥርዓቱ ከጻፍሽልኝ በኋላ በላክሽው አጭር ደብዳቤ ላይ ነው፤ "ካልሲያችን ጠዋት ጠዋት ጥርሱን ያሳያል፣ ሰው ቢሆን ሳቀ እለው ነበር" ብለሽ። አንቺ ሳታስቢው ያመለጠሽ ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ በታች የጻፍሽውን ሁሉ አላነበብኩትም። ስለ አክስታችን ጉንፋን የነገርሽኝን ዛሬ ነው ያየሁት፤ እግዜር ይማርሽ በዪልኝ። ሁለት ወር አይሞላም "ውሻሽ" ነበር፤ ቀጥሎ "ውሻው" ሆነ፤ ይኸው አሁን ተጋራነው። ትንሽ ብቆይ የሰላምታ ካርድ ላይ "እኔና ካልሲ እንደምን አለሽ እንልሻለን" ብለሽ ትልኪልኛለሽ።

የዚያን ቀን የአንዲት ሴትዮ መነጽር አበላሸሁ። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ሞረድኩት። አለቃዬ አዲስ መስተዋት አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ሌላ ክፍል አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ጥርስ ሐኪም ናቸው። ምድር ቤት ነው፣ ትንሽ ግቢ አለው። "ውሻ አለኝ" አልኳቸው፤ በዚህ ጊዜ አልዋሸሁም። "ይዘሽው ነይ፤ ግቢው ዝም ብሎብኛል" አሉኝ። በሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሳህኑንና ማበጠሪያውን አዘጋጂልኝ። የታጠበውን ሻርፕም።

አንድ ነገር ደግሞ ይጨንቀኛል፤ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም፣ ለአንቺ መንገር ደግሞ ሞቴ ነው። መጥቼ ባያውቀኝስ? በሩ ላይ ቆሜ ስጠራው ቀና ብሎ አይቶኝ እንደ ማንኛዋም ገበያተኛ ቢመለከተኝስ? እሱን አስቤ ከሥራ ስመለስ የሰውን ውሻ ሁሉ እያስቆምኩ አወራለሁ። ሰዎቹ እብድ ሳይሉኝ አይቀሩም።

ንገሪው እንደምመጣ። ያንቺን ቋንቋ ተምሯል አይደል፤ ንገሪው።

ሚጢ

ሐምሌ 15

ሚጢ፣

አክስታችን ተሽሏታል። አዲስ ክፍል ስላገኘሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥርስ ሐኪሙ ደግ ሰው ይመስላሉ፤ ጥርስ ሐኪም ሲስቅልሽ ግን ጠርጥሪ።

የሐምሌ መጨረሻ አይመችም። መንገዱ ይጨቀያል፤ ሹፌሩም ውሻ አልጭንም ሳይል አይቀርም። ካልሲም ትንሽ ያስለዋል። ሳል እንኳ አይደለም፣ ሳል የሚመስል ነገር ነው። ደግሞ ደንበኞች ለምደውታል፤ ድንገት ቢጠፋ ምን ሆነ እያሉ ያደርቁኛል። መስከረም ላይ ብታስቢው። መስከረም ደግሞ ብዙ ዕቃ የሚገባበት ነው፤ ጥቅምት ይሻላል።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩትና አፈርኩ። ቀድጄ እንዳልጥለው ወረቀት ማባከን ነው፤ ይቆይ። አሁን በግልጽ ልንገርሽ።

ተይልኝ።

አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ነው የምትገቢው፤ እሱ ግቢ ውስጥ ከጥርስ ሐኪም ጋር ተፋጦ ሊውል ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ አለሁ። አንቺ የትም ብትሄጂ ሰው ይወድሻል። ካፖርትሽን የጠገነው ልብስ ሰፊ እንኳ ኪስሽ ውስጥ ሰላምታ ይከትልሻል፤ እኔ ስንት ዓመት ልብሴን አሰፋሁ፣ ኪሴ ውስጥ ክር እንኳ ከቶልኝ አያውቅም። ሱቁን ዘግቼ ደረጃውን ስወጣ ከኋላዬ ኮቴ መስማት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ጉልበቴ ሲያመኝ መሐል ላይ አርፋለሁ፤ እሱም ያርፋል። ቀድሞኝ አይወጣም።

እኔ ለምኜሽ አላውቅም። ይኸው ለመንኩሽ።

ባያውቀኝስ ብለሽ የጠየቅሽውን ምን ብዬ ልመልስልሽ። ውሻ ይረሳል ይላሉ። እኔ አላውቅም።

እትዬሽ

ነሐሴ 4

እትዬ፣

በሰላም ገብተናል። ካልሲ መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ሲያይ መጣ፤ ሹፌሩም አልጭንም አላለም። ሳልም አልሰማሁም።

ለልመናሽ በወረቀት ሳልመልስ ዘው ብዬ በመምጣቴ፣ ስሄድም ያን ሁሉ በመናገሬ ይቅርታ ማለት ይኖርብኛል። እላለሁም። መጀመሪያ ግን ምን እንዳየሁ ልንገርሽ፤ አንቺ ከባንኮኒው ወዲያ ነበርሽ፣ ከወዲህ ሲታይ ምን እንደሚመስል አታውቂም።

በሩን ከፍቼ "ካልሲ!" ብዬ ጠራሁት። አወቀኝ። እንዳወቀኝ አንቺም አይተሻል፤ ሰውነቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ምንጣፉን አራሰው። ግን አልተነሳም። እንደገና ጠራሁት። እጄን ዘርግቼ፣ ተንበርክኬ፣ ሰው እያየኝ፣ የማቆላምጥበትን ስም ሁሉ ጠራሁለት። ዓይኑን ከእኔ ወደ አንቺ፣ ከአንቺ ወደ እኔ ያመላልሳል እንጂ ንቅንቅ አላለም። አንቺ ደግሞ ስኳር ትመዝኚ ነበር። ማንኪያ ጨመርሽ፣ ማንኪያ ቀነስሽ፤ ከረጢቱን አጠፍሽ፣ በክር አሰርሽ፣ ለልብስ ሰፊው ሰጠሽው። ከዚያ በኋላ ነው ዞረሽ መጥተሽ ጎንበስ ብለሽ በጆሮው የሆነ ነገር ያልሽው። ያኔ ተወርውሮ እላዬ ላይ ወጣ፤ እንቁላሉም የተሰበረው ያኔ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስታው ይበቃው ነበር። እኔን ግን ያ ስኳር ደስታዬን ነጠቀኝ። የገዛ ውሻዬን በአንቺ ፈቃድ ተቀበልኩ። ለዚህ ነው "ምን አስነካሽው" ያልኩሽ። ለዚህ ነው ውሃ እንኳ ሳልጠጣልሽ፣ ገመዱን ይዤ የወጣሁት። ስወጣ ምንጣፉን ልታጥፊ ጎንበስ ብለሽ ነበር፤ ቀና ብለሽ አላየሽንም። ይቅርታ። ከልቤ ነው።

አሁን ደግሞ እግዚአብሔር የእጄን ሰጥቶኛል። ካልሲ እዚህ በየሱቁ ገብቶ ከበሩ በስተግራ ይቀመጥልኛል፣ ከዚያ አይነሳም። ዳቦ ቤት ተቀመጠ፤ ዳቦዬን ይዤ ብወጣ አልተከተለኝም። መድኃኒት ቤት ተቀመጠ፤ ሊዘጉ ሲሉ ተሸክሜው ወጣሁ፣ ክብደቱን ታውቂያለሽ፣ ወገቤ እስካሁን ይወጋኛል። ባለሱቆቹ ሁሉ ያደንቁታል። "እንዲህ ሥርዓት ያለው ውሻ አይተን አናውቅም፤ ማን አሠለጠነው?" ይሉኛል። የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ "እኔ" አልኳት። ዋሸሁ። ዳቦ ጋጋሪውን ግን መዋሸት አቃተኝና "እህቴ" አልኩት፤ "እህትሽስ መቼ ትመጣለች?" አለኝ። አገር ለቅቄ መጥቼ እንኳ ያንቺን ምስጋና ስሰማ እውላለሁ።

ተነስ ብዬዋለሁ፤ ና፣ ሂድ፣ በቃ፣ እንውጣ፣ ጎበዝ፣ አንበሳዬ፣ ሁሉንም ብዬዋለሁ። ምን ነበር በጆሮው ያልሽው? ይህን መጠየቅ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ታውቂያለሽ፤ ደስ እያለሽ አንብቢው። ግን ንገሪኝ።

ሚጢ

ነሐሴ 16

ሚጢ፣

ደስ አላለኝም።

ቃሉን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያስቀረሁብሽን ልንገርሽ፣ አለዚያ አይገባሽም። ፈለገኝ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ አሸተተ፣ ዞረ፣ ተኛ ብዬሽ ነበር። የተኛው የጓሮው በር ሥር ነው፣ አንቺ ሹልክ ባልሽበት። ምግብ ባቀርብለት አላየውም፤ ብጎትተው ድንጋይ ሆነብኝ። ሻርፑን አጥቤ ያነጠፍኩለት እዚያ ነው። ሳታውቂ ነው አይደል ብለሽኝ ነበር፤ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

ዝናቡ ሲመጣም ከዚያው አልተነሳም። ውሃው በሆዱ ሥር ይወርዳል፣ እሱ በሩን ያያል። ጃንጥላ ይዤ እላዩ ላይ ቆሜ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። በመጨረሻ ምርር ሲለኝ "ሚጢ መጣች!" አልኩት። ብድግ አለ። በጓዳው ሮጦ፣ ሱቁን አቋርጦ፣ ፊት ለፊቱ በር ላይ ቆሞ መንገዱን አየ። የለሽም። ተመልሶ መጥቶ በላ። ማን አስገባው እያልሽ ስትንገበገቢ ኖረሻል፤ ማንም አላስገባውም። አንቺን ፍለጋ ነው የገባው።

ከዚያ ወዲያ ከምንጣፉ የሚያስነሳው ይኸው ብቻ ሆነ። ልወጣ ስል "ሚጢ መጣች" እለዋለሁ፤ ማታ ስዘጋ "ሚጢ መጣች" እለዋለሁ። ይነሳል፣ በሩ ድረስ ሄዶ ያያል፣ ከዚያ ይከተለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ውሻ ስዋሽ ከረምኩ፤ እሱም በየቀኑ አመነኝ። አንድ ቀን ማመኑን ይተዋል፣ ስምሽን ስጠራለት ጆሮውን አያነሳም፣ ያኔ የእኔ ይሆናል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ያን ቀን እመኘው ነበር ሚጢ። አልመጣልኝም። ደረጃውን ሲከተለኝ እንኳ ጆሮው በሩ ላይ ነበር። ቀናሁብሽ። እኔ ቀኑን ሙሉ አብሬው እየዋልኩ እሱ የሚነሳው ላንቺ ነው።

ስኳሩን ላዋርድሽ ብዬ አልነበረም የመዘንኩት። አንቺ ስትጠሪው እሱ እኔን አየኝ፤ መጣች እስክለው ነበር የሚጠብቀው። አንዴ ካልኩት እውነት ሊሆን ነው፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ አልለውም። እጄ ያንን እያወቀ ስኳሩን ማንኪያ ይጨምርና ይቀንስ ነበር። ልብስ ሰፊው ትርፍ ስኳር ይዞ ሄዷል፤ አንድ ቀን አልተናገረም፣ ለካ ዝም ማለትም ያውቃል።

ቃሉ ይኸው ነው። አንቺ ዘንድ ግን የሚሠራ አይመስለኝም፤ አጠገቡ ቆመሽ "ሚጢ መጣች" ብትዪው እንደ ሞኝ ያይሻል። "እትዬ መጣች" ብለሽ ሞክሪ። ከተነሳ ጻፊልኝ። ካልተነሳም ተነሳ ብለሽ ጻፊልኝ።

እትዬሽ

ነሐሴ 25

እትዬ፣

ተነሳ።

ደብዳቤሽን ዳቦ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ካልሲ እንደ ልማዱ በስተግራ ተቀምጦብኝ። መሐሉ ላይ ስደርስ ዳቦ ጋጋሪው ወንበር አቀረበልኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የራሴን ስም ሞከርኩት፤ እውነትሽን ነው፣ እንደ ሞኝ አየኝ። ቀጥዬ ያንቺን አልኩት። "እትዬ" ብዬ ገና "መጣች"ን ሳልጨርስ ተነስቶ በሩን በግንባሩ ገፍቶ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ግራ ቀኝ አየ። አውቶቡስ ሲቆም የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ገመዱን ብስበው አልመጣ አለኝ፤ ጅራቱን እየቆላ ከጎኔ ቆሞ ጠበቀሽ፤ እኔም ዳቦዬን ይዤ አብሬው ቆምኩ።

ላስደስትሽ ብዬ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። ልዋሽሽ ብፈልግ ኖሮ አልተነሳም ነበር የምልሽ፤ እሱን ልጽፍልሽ እንዴት እንዳማረኝ ብታውቂ! "አልተነሳም" ልል ብዕሬን ሁለት ጊዜ አነሳሁ።

እኔ ግን እንዳንቺ በየቀኑ መዋሸት አልችልበትም። ነይ።

ሚጢ